«ትርፍ አምራች» የተባለው የደምበጫ ገበሬ ትርፉን ማን በላበት?

አውቶቡስ ተራ ጥግ ይዞ ጫማ የሚያስጠርግ ሰው ይህን ጥያቄና መልስ ያውቀዋል። እግሩን ሣጥኑ ላይ አሳርፎ «አገርህ የት ነው?» ይላል። ልጁ ቀና ሳይል «ጎጃም» ብሎ ይመልሳል። «ጎጃም የት?» ሲባል «ደምበጫ»፣ ወይም «ቡሬ»፣ ወይም «ፍኖተ ሰላም»… ጠያቂያችን በዚህ ጊዜ ምራቁን ዋጥ አድርጎ «አይ ጎጃም! የጤፍ አገር፣ የማር አገር!» ይልና ብሩን ሰጥቶ መንገዱን ይቀጥላል። የጤፍና የማር አገር ልጅ ምን በወጣው ነው አስፋልት ላይ ተቀምጦ የሰው ጫማ የሚጠርገው ብሎ የሚጠይቅ ግን አይገኝም።

እስቲ እኛ እንጠይቅ።

ደምበጫ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ መንገደኛ ሁሉ የሚያልፋት ከተማ ናት። በመስከረም ያለፈ ሰው የበቆሎው ቁመት እንዴት እንደሚያስገርም ያስታውሳል፤ በታኅሣሥ ያለፈ ደግሞ የጤፉን ክምር ቆጥሮ አይጨርስም። ከዚያ ወዲያ ፍኖተ ሰላም፣ ከዚያም ቡሬ ነው፤ በርበሬው ብቻ ስንት ገበያ ያቀላል! መንግሥት በሰነዱ ይህን አገር «ትርፍ አምራች» ይለዋል። የኢሕአዴግም የብልጽግናም ሹመኛ ሪፖርቱን ሲያነብ ከዚች ቃል ነው የሚነሳው። ታዲያ ቃሏ ለምስጋና ብቻ የተሰጠች እንዳትመስላችሁ፣ ጣጣ አላት። በ1997 ዓ.ም. ሴፍቲኔት የተባለው ፕሮግራም ሲጀመር «የምግብ እጥረት አለባቸው» የተባሉ ወረዳዎች ተመርጠው ሲታቀፉ፣ እንደ ደምበጫ ያለው አካባቢ ከዝርዝሩ ውጪ ቀረ። ትርፍ ያለው ሰው ምን ተብሎ ይረዳል?

አሁን ደግሞ ሌላውን ሰነድ እንክፈት። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ ጥናት በዚሁ በምዕራብ ጎጃም ከአምስት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናትን ለክቶ ነበር። ከመቶው 43ቱ ቀንጭረዋል፤ ማለትም በምግብ ጉድለት ምክንያት ቁመታቸው ከዕድሜያቸው በታች ቀርቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በመላ አገሪቱ የተካሄደው የሕዝብና የጤና ጥናትም የአማራን ክልል በመቀንጨር ከሁሉም ክልሎች በላይ አስቀምጦታል፤ ከመቶ 46 ነው። ወይ ጉድ! የትርፍ አምራች ልጅ ይቀነጭራል፣ ትርፉን የሚበላው ሌላው ይወፍራል። የዓባይን ልጅ ውኃ ጠማው የተባለው ለዚህ ካልሆነ ለምን ሊሆን ነው?

ሹመኞቻችን ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አላቸው። «ገበሬው ኋላ ቀር ነው፣ በዓል ያበዛል፣ አመጋገብ አያውቅም፣ የግንዛቤ ችግር አለበት» ይላሉ። የግንዛቤ ችግር! ይህች ቃል ስንቱን ጥፋት ሸፈነች! አመጋገብ ማስተማሩ አይጠላም፤ ይህ ጸሐፊ የሚለው ግን ሌላ ነው። የደምበጫ ገበሬ ያጣው ዕውቀት ሳይሆን ባለቤትነት ነው። ምርቱን የሚሸጥበትን ጊዜ አያዝበትም፤ ማዳበሪያውን አያዝበትም፤ «ማኅበርህ ነው» የተባለውን ማኅበር አያዝበትም። ሌላ ሰው የሚያዝበት ድካም ደግሞ በማንኛውም ቋንቋ ብዝበዛ ይባላል።

ታሪኩን ትንሽ ወደ ኋላ እንመልከተው። ጎጃሜ በንጉሡ ዘመን እንደ ደቡቡ ጭሰኛ ሳይሆን በአብዛኛው ባለርስት ነበር። በ1960 ዓ.ም. አዲሱ የእርሻ ገቢ ግብር ሲመጣ «መሬቴን ለክተው ሊቀሙኝ ነው» ብሎ ሞጣ፣ ቢቸናና ዳሞት ላይ ጠመንጃውን አነሳ። ደጃዝማች ፀሐዩ ዕንቁ ሥላሴ የሚገዙት ጠቅላይ ግዛት ጦርም አውሮፕላንም ታዘዘበት። መጨረሻው ግን ደጃዝማቹ ከጎጃም ተነሡ፣ ውዝፉ ግብር ተማረ። ገበሬው ያን ጊዜ ያሸነፈው ጎበዝ አለቃውን ራሱ ስለመረጠ ነው። ይቺን ነጥብ ያዙልኝ፣ እመለስባታለሁ።

ደርግ መጣ። በ1967 ዓ.ም. መሬት ላራሹ ታወጀ፤ ይህ እውነት ነው፣ ማንም አይክደውም። ወዲያው ግን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት የሚባል ጉሮሮ ተከፈተ። ኮታ ተጣለ። ገበሬው እህሉን መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ያስረክብ ዘንድ ተገደደ፤ ምርት የጎደለበት ደግሞ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክብ ነበር። እንዲህ ያለ ንግድ በየትኛው አገር አለ? መንደር ምሥረታው መጣ፣ የአባቱን ቤት አፍርሶ በተሰመረለት መስመር ላይ ጎጆ ቀለሰ። አምራች ኅብረት ሥራም መጣ፤ በሬው የጋራ፣ ማሳው የጋራ ተባለ፣ ትእዛዙ ግን የጋራ አልነበረም። በየካቲት 1982 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ቅይጥ ኢኮኖሚ ባወጁ ጊዜ ገበሬው ሁለተኛ አዋጅ አልጠበቀም። በሬውን እየነዳ ወደ ቤቱ ገባ። ለዓመታት «ሕዝቡ በፍላጎቱ የተደራጀበት» ሲባል የነበረው ማኅበር በሳምንታት ውስጥ ፈረሰ።

ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም እንዲሉ፣ ቀጥሎ የመጣው 1989 ነው። በዚያን ዓመት ይህ ጸሐፊ ገና ፊደል ቆጣሪ ነበር፤ ነገሩን የሰማው ከትላልቆች ነው፣ በኋላም ሰነዱን አንብቧል። የክልሉ መንግሥት በጎጃምና በሌሎችም አካባቢዎች መሬት እንደገና አከፋፈለ። መሬት ለሌለው ወጣትና ለሴቶች መሰጠቱን አንነቅፍም፤ ብዙ ችግረኛ ያኔ ቁራሽ መሬት አግኝቷል። ነውሩ ሌላ ነው። ገበሬው በሁለት ዓይን ታየ። በደርግ ጊዜ የገበሬ ማኅበር ኮሚቴ ሆኖ የሠራ «ቢሮክራት» ተባለ፤ የአያቱ ስም ከባላባት ጋር የተነሳ ደግሞ «የፊውዳል ርዝራዥ» ተባለ። ሌላው እስከ 3 ሄክታር መያዝ ሲፈቀድለት እነዚህ ከ1 ሄክታር በላይ እንዳይዙ ተደረገ። ልብ በሉ! «ቢሮክራት» የተባለው ሰው እኮ ቢሮ የለውም። በባዶ እግሩ የሚያርስ፣ ምናልባት ስሙን እንኳ መጻፍ የማይችል ገበሬ ነው። ኮሚቴ ሁን ተብሎ ተመረጠ፣ እምቢ ቢል ያኔ ይታሰር ነበር፤ እሺ በማለቱ ደግሞ ከዓመታት በኋላ መሬቱን ተነጠቀ።

ከጎጃም የተነሱ ገበሬዎች አቤት ለማለት አዲስ አበባ ድረስ መጡ። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችም በመጋቢት 1989 ዓ.ም. ለነሱ ሰልፍ ወጡና ዱላና እስር ቀመሱ። ገበሬው ምን ተማረ? ለጋራ ጉዳይ መመረጥ ቀን ሲለወጥ መሬት እንደሚያስነጥቅ ተማረ። ዛሬ በገጠር «ሰው ለሕዝብ ሥራ አይነሳሳም» እያልን የምናዝን ሁሉ ያን ዓመት ማስታወስ አለብን።

ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ሁለተኛ ድልድል አልመጣም። እንዲመጣም አልልም፤ በየአሥር ዓመቱ መሬት የሚበጣጠስበት አገር ዛፍ እንኳ አይተከልበትም። ውጤቱን ግን እንየው። ከ1989 በኋላ የተወለደ ልጅ ዛሬ ሚስት አግብቶ ልጅ ያሳድጋል፣ መሬት ግን የለውም። አባቱ 4 ጥማድ ካለው፣ ወንድሞቹም ሦስት ከሆኑ፣ ሒሳቡን አንባቢ ይሥራው። ያለው ምርጫ የሽማግሌና የመበለት መሬት የእኩል ማረስ ነው፤ ጉልበቱን አፍስሶ ግማሹን ያስረክባል። ወይም ወደ መተማና ሁመራ ወርዶ ሰሊጥ ማረምና ማጨድ ነው። እዚያ ደላላው ይቀበለዋል፤ ስንት እንደሚከፈለው የሚያውቀው ደላላው ነው። በረሃ ላይ ሜዳ እያደረ ወባውን፣ ካላዛሩን ይዞ ይመለሳል። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ካላዛር ሲፈነዳ ብዙ ሰው ጨረሰ፤ በሽታው ወደ ደጋው የወጣው ከበረሃ በተመለሱ የቀን ሠራተኞች ሳይሆን እንዳልቀረ ሐኪሞች ጽፈዋል። እህቱስ? አዲስ አበባ ሰው ቤት ትገባለች፣ ወይም በዐረብ አገር ደላላ እጅ ትወድቃለች። ትንሹ ወንድሙን ደግሞ አውቶቡስ ተራ አግኝተነዋል።

መሬት ያለውስ ይሻለዋል? እስቲ የአንድ ዓመት ኑሮውን እንከተለው። በሰኔ ማዳበሪያ ይፈልጋል። በ1985 ዓ.ም. ሳሳካዋ ግሎባል 2000 የሠርቶ ማሳያ ማሳዎቹን ከጀመረ ወዲህ፣ መንግሥትም በ1987 የኤክስቴንሽን ፓኬጁን ካነሳ ወዲህ፣ የምዕራብ ጎጃም በቆሎ ያለ ዳፕና ዩሪያ አይታሰብም። ምርቱ ጨምሯል፤ ይህን የሚክድ ውሸታም ነው። ግን ለብድሩ ለባንክ ዋስ የገባው ክልሉ ነበርና ሰብሳቢዎቹ የቀበሌ ሹሞችና የልማት ሠራተኞች ሆኑ። ዘር እንዴት እንደሚዘራ የሚያስተምረው ሰው ጥር ላይ ዕዳ ጠያቂ ሆኖ መጣ። መክፈል ያቃተው ታሰረ፣ በሬው ተነዳ።

ብድሩም፣ የመሬት ግብሩም፣ መዋጮውም የሚጠየቀው በአንድ ወቅት ነው፤ ምርት በተሰበሰበ ማግሥት። ሁሉም በአንድ ሳምንት እህሉን ጭኖ ገበያ ይወጣል። ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲሸጥ ዋጋው ምን ይሆናል? ይወድቃል። ነጋዴው ቆሞ ይጠብቃል፤ አይቸኩልም፣ ለምን ብሎ ይቸኩላል? ገበሬው ሸጦ ዕዳውን ይከፍላል። በሐምሌ ጎተራው ባዶ ሲሆን የራሱን እህል ከዚያው ነጋዴ በውድ መልሶ ይገዛል፤ ገንዘብ ከሌለው በመኸር አስበልጦ ሊመልስ ይበደራል፣ ወይም መሬቱን ወለድ አገድ ያሲዛል። የልጁ መቀንጨር ከዚህ ነው የሚጀምረው፤ ከጥርና ከሐምሌ ልዩነት። ትርፉን ማን በላው ላላችሁ፣ በዚያች የስድስት ወር ልዩነት ውስጥ የተቀመጠ ሁሉ በላው።

የከተማ አንባቢ ሆይ፣ ጤፍ ስትገዛ «ይሄ ገበሬ ከበረብን» የምትል ከሆነ ሒሳብህን አስተካክል። አንተ የከፈልከው ብር ደምበጫ ሳይደርስ ስንት ደላላ፣ ስንት ኬላ፣ ስንት ጫኝና አውራጅ እንዳለበት ቁጠር። አንተንም ገበሬውንም የሚበላው አፍ አንድ ነው።

በ1993 እና በ1994 ዓ.ም. የሆነውን የምናስታውስ እናስታውሳለን። ዝናብ ሰመረ፣ ማዳበሪያ ገባ፣ በቆሎው በዛ፤ ዋጋው ተንኮታኮተና ለማጓጓዣው እንኳ አልበቃ ብሎ ማሳ ላይ የቀረ ነበር። ዕዳው ግን ማሳ ላይ አልቀረም። በማግሥቱ ገበሬው ማዳበሪያ መግዛት ቀነሰ፣ ዝናቡም ከዳ፣ በ1995 ከ13 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የውጭ እህል ጠባቂ ሆነ። በቆሎ ተርፎ በተጣለ በዓመቱ! በሚያዝያ 2000 የተከፈተው የምርት ገበያ ድርጅትም ሥራውን የጀመረው በበቆሎ ነበር። ብዙ ሳይቆይ ግን ፊቱን ወደ ቡናና ሰሊጥ አዞረ። በ2015 ክረምት ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ መጣ፤ ገበሬው ገንዘቡን ይዞ ማዳበሪያ አጣ፣ በሥራ ወራት ማሳውን ትቶ ሰልፍ ወጣ። በቀበሌው የለም የተባለው ማዳበሪያ በጓሮ በር በብዙ እጥፍ ይሸጥ ነበር።

ማዳበሪያውን ያከፋፍል የነበረው ማን ነው? የገበሬው «የራሱ» ኅብረት ሥራ ማኅበር! ዋናው ጉዳያችን እዚህ ላይ ነው።

በወረቀት ላይ ምንም አልጎደለም። የ1991ዱ አዋጅ ቁጥር 147 ኅብረት ሥራ ማኅበር በፈቃደኝነት የሚቋቋም፣ አባላቱ በእኩል ድምፅ የሚመሩት ነው ይላል። የ2009ኙ አዋጅ ቁጥር 985ም ይህንኑ ደግሟል። በተግባር ግን በብዙ ቀበሌ ሊቀመንበሩ ከስብሰባው በፊት ይታወቃል፤ ስብሰባው ለማጨብጨብ ነው። የማኅበሩ ሥራ ከላይ የመጣ ማዳበሪያ ማራገፍና ከታች ገንዘብ መሰብሰብ ሆኗል። ገበሬውን ጠይቁት፤ «ዕድራችን» ይላል፣ «ዕቁባችን» ይላል፣ ኅብረት ሥራውን ግን «የመንግሥት መጋዘን» ነው የሚለው። እሱ አልተሳሳተም።

የእርዳታ ድርጅቶቻችንስ? ባለ ሁለት ጋቢና መኪና፣ የሆቴል ስብሰባ፣ አበል፣ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» የሚል ባነር… ሥራ የሠሩ የሉም አልልም፤ ጉድጓድ ቆፍረዋል፣ ችግኝ አፍልተዋል። ግን በ2001 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከበጀቱ ከመቶ 10 በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብት ጉዳይ እንዳይገባ ሲከለክል፣ ገጠር ልማት ምላሱ ተቆረጠ። ጉድጓድ መቆፈር ተፈቀደ፤ ውኃው ለምን ጠፋ ብሎ መጠየቅ ወንጀል ሆነ። ሕጉ በ2011 ተቀይሯል፤ ልማዱ ግን አልተቀየረም። አንድ ለአምስት ተብሎ ገበሬ ሲጠረነፍ፣ በየጥሩ ለተፋሰስ ሥራ ያለ ክፍያ ሲወጣ «ተሳትፎ» ተባለለት። እርከኑ ጠቃሚ ነው፣ እሺ። ግን ቦታውን ያልመረጠ፣ ቀኑን ያልወሰነ፣ ቢቀር የሚቀጣ ሰው ተሳታፊ ነው ወይስ ገባር?

ለመሆኑ ይህ ሕዝብ መደራጀት አያውቅም? ወንፈሉን፣ ደቦውን፣ ሰንበቴውን ማን አስተማረው? ዕድሩን ተመልከቱ። ዳኛው በሕዝብ ፊት ይመረጣል፤ ካጠፋ ይሻራል። ገንዘብ ያዡ ሌላ፣ ጸሐፊው ሌላ ነው። ሒሳቡ በአባላት ፊት ይነበባል፤ አንዲት መበለት «የባለፈው ወር መዋጮ የት ገባ?» ብላ ብትነሳ ዳኛው መልስ መስጠት ግዴታው ነው። ሕጉ ይህ ነው፤ ያለ ካድሬ፣ ያለ አዋጅ ቁጥር ሲሠራበት ኖሯል። በ1960 ዓ.ም. ጎበዝ አለቃውን የመረጠው ሕዝብም ይኸው ነው። የገጠር ልማት የሚባለው ነገር ከዚህ ተነስቶ ቢሆን የት በደረሰ!

ተሞክሮ የለም እንዳትሉኝ። ከጣና ማዶ፣ ደቡብ ጎንደር ፎገራ ውስጥ አውራ አምባ አለች። በ1964 ዓ.ም. አቶ ዙምራ ኑሩ የተባሉ፣ ትምህርት ቤት ያልገቡ ገበሬ ጥቂት ሰዎችን አሰባስበው መሠረቷት። ሴት ታርሳለች፣ ወንድ ይጋግራል፤ ጉልበት ያነሰው ሽማግሌ ይጦራል፤ ልጅ ይማራል። በደርግ ዘመን መጨረሻ ተሳደው እስከ ቦንጋ ተሰደዱ፣ መንግሥት ሲለወጥ ተመልሰው በጠበበች መሬት ላይ በሽመናና በወፍጮ ኑሯቸውን አቀኑ። ደምበጫ እንደ አውራ አምባ ትሁን አልልም፤ የጎጃም ገበሬ ታቦቱንና ሰንበቴውን ትቶ አይኖርም፣ ተው የሚለውም የለም። ቁም ነገሩ አሳቡ ከገበሬው መውጣቱ፣ ውሳኔውም በገበሬው እጅ መቅረቱ ነው።

ከውጭ ካስፈለገም ህንድ አለች። በ1946 እ.ኤ.አ. በጉጃራት ክፍለ አገር በካይራ ወተት አምራቾች አንድ የግል ኩባንያ በሞኖፖል ሲቀማቸው ለሁለት ሳምንት ያህል ወተት አንሸጥም ብለው አደሙ። ትሪቡቫንዳስ ፓቴል በሚባል ሰው መሪነት ማኅበራቸውን አቋቋሙ፤ ቬርጌዝ ኩሪየን የሚባል መሐንዲስ ደግሞ ቀጠሩ። ቀጠሩ ነው ያልኩት! የተማረው ሰው የገበሬው ደመወዝተኛ ሆነ። ዛሬ አሙል የሚባለው ወተት በመላው ህንድ የሚጠጣው ከዚያ ተነስቶ ነው። በእኛ አገር ዲፕሎማ ያለው ሁሉ የገበሬው አለቃ ነው፤ ለገበሬው ተቀጥሮ «ጌታዬ፣ ሒሳቡ ይኸው» የሚል ባለሙያ ስንት ይሆን?

«በጦርነት መሃል የምን ማኅበር ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። ከነሐሴ 2015 ወዲህ ያ አገር ያየውን አውቃለሁ። ነሐሴ 7 ቀን ፍኖተ ሰላም ላይ በደረሰው የአየር ጥቃት ቢያንስ 26 ሰው መሞቱን የሆስፒታል ሰዎች ተናግረዋል። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፣ መንገድ ተቆርጧል፣ ገበሬው በሁለት ጠመንጃ መሃል ቆሞ ማሳው ላይ ስጋት ዘርቷል። ግን በዚያ ሁሉ መሃል ሬሳ ያነሳው፣ ድንኳን የጣለው፣ ለሟች ቤት እንጀራ ያደረሰው ማን ነበር? ዕድሩ ነው። ሹመኛው በሸሸበት ቀን ቆሞ የተገኘ ተቋም እሱ ነው። ነገ ሰላም ሲወርድ ደግሞ እንደ ልማዳችን «የመልሶ ግንባታ ፕሮጀክት» በባነር ታጅቦ ይመጣል፤ ገንዘቡ በማን ሣጥን ይገባል የሚለው ከአሁኑ ካልተነሳ ያው የድሮው መጋዘን ይጠብቀናል።

እኛ የምንለው ብዙ አይደለም። የማኅበሩን ሊቀመንበር ቀበሌው አያቅርብ፤ አባላቱ ይምረጡ፣ አባላቱ ይሻሩ። የማዳበሪያው ዕዳና የመሬት ግብሩ ጥር ላይ አይጠየቅ፤ ገበሬው እህሉን በማኅበሩ መጋዘን አስገብቶ በያዘው ደረሰኝ ብድር ያግኝ፣ ዋጋ ሲነሳ ይሽጥ። መሬት ያላገኘው ወጣት በዚያው ማኅበር ውስጥ በወፍጮው፣ በመኪናው፣ በበርበሬ ማሸጊያው እንደ አባል ድርሻ ይኑረው፤ ቡሬ ላይ ለተከፈተው ትልቅ የአግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጥሬ ዕቃ ተሸካሚ ብቻ ሆኖ አይቅር። የመጋዘኑ ቁልፍ ሦስት ይሁን፣ በሦስት ሰው ኪስ ይደር፤ አንደኛዋ ሴት ትሁን። የማዳበሪያው መዝገብ ደግሞ፣ ስንት ኩንታል ገባ፣ ለማን ወጣ፣ በስንት ተሸጠ የሚለው፣ በየወሩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያኑ ዐጸድ ሥር ጮክ ተብሎ ይነበብ።